ለእናቴም ለቅጹም ያልነገርኩት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ደብረ ብርሃን የምማር የባዮሎጂ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ትውልዴ መንዝ፣ ከመሃል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። በጥር ወር ከትምህርት ክፍላችን ለተመረጥን 12 ተማሪዎች ጉዞ ተዘጋጅቷል። ጅቡቲ ሄደን ስኩባ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅን፣ እንማራለን፤ ከዚያ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ሙሻ ደሴት አካባቢ ያለውን ኮራል ሪፍ እየጠለቅን እናጠናለን። ወጪው ተሸፍኗል። ስሜ ሲጠራ የተሰማኝን ደስታ እኔው ነኝ የማውቀው።

ችግሩ ቅጹ ላይ ነው። «ዋና ትችያለሽ?» ለሚለው «አዎ» ብያለሁ፤ አልችልም። «የመተንፈሻ ሕመም ነበረብሽ?» ለሚለው «የለም» ብያለሁ፤ እስከ 12 ዓመቴ አስም ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል ተኝቼ አላውቅም። ብቻ በብርድ ሰሞን ማለዳ ስሮጥ ደረቴ ያፏጫል፤ ቆም ስል ይተወኛል።

እናቴ ደግሞ የምታውቀው ለትምህርት ጅቡቲ እንደምሄድ ብቻ ነው። ታናሽ ወንድሟን ክረምት ላይ ጀማ ወስዶባታል። ባሕር ውስጥ ልገባ ነው ብላት እህል የምትቀምስ አይመስለኝም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ ጥር 21 ለአስተርዮ ማርያም ስትዘክር ከጎኗ እንድገኝ። ቡድኑ በባቡር ጥር 20 ማታ ስለሚገባ አልደርስላትም ብዬ፣ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ለብቻዬ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦልኛል። የመጨረሻው መጥለቅ ጥር 18 ረፋድ ላይ ስለሆነ በዚያው ማታ እበርራለሁ፤ በማግስቱ መሃል ሜዳ ነኝ።

እውነቱን ብናገር ቦታዬን ለተጠባባቂ ይሰጡብኛል ብዬ ፈራሁ። ከገጠር መጥቼ እዚህ መድረሴ ቀላል አልነበረም። ዝም ብዬ ልሂድ? ለእናቴስ ልንገራት ወይስ ስመለስ?

ባሕር ያላየሁት፣ ከመንዝ

ውድ እህታችን፣

የጠየቅሽን ስለ ቅጹና ስለ እናትሽ ነው። ከሁለቱ ይልቅ እኛን ያስደነገጠን ግን በአንድ መስመር ያለፍሽው የአውሮፕላን ቲኬት ነው፤ እንመለስበታለን። መጀመሪያ ግን ደስታሽን እንካፈል። መንዝ ተወልዶ ኮራል ላይ ጥናት ለመሥራት መመረጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህን ዕድል ላለማጣት ብለሽ ሁለት ሳጥን ላይ የተሳሳተ ምልክት ማድረግሽን ለመረዳት ብዙም አያስቸግርም። ግን አንድ ነገር እንጠይቅሽ፦ በጣም የምትፈሪው የቱን ነው? ውሃ ውስጥ አለመግባትን ወይስ ከቡድኑ መቅረትን? መልሱ እንደሚመስለው አንድ አይደለም፤ ቀጥሎ የምንነግርሽም በዚያ ላይ ይወሰናል።

ከሁለቱ ሳጥኖች ዋናው ይቆየን፣ የሚቀልለው እሱ ነው። ክብደት ያለው ደረትሽ ነው። «በልጅነቴ ነበረብኝ» ያልሽው ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላሳሰበን። ማለዳ በብርድ ስትሮጪ የሚያፏጨው ግን የአሁን ነገር ነው፤ ስኩባ ደግሞ ሁለቱን ቀስቃሾች አንድ ላይ ያመጣል። ከሲሊንደር የሚወጣው አየር ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ በሞገድ ላይ መቅዘፍ ደግሞ ከሩጫ አያንስም። የመተንፈሻ ቧንቧ ከጠበበ አየር ሳንባ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከባሕር ወለል እጥፍ ስለሆነ፣ እዚያ የተያዘ አንድ ሊትር አየር ወደ ላይ ስትመጪ ሁለት ሊትር ይሆናል። መውጫ ካጣ የሳንባን ሥጋ ይቀድዳል፤ ከዚያም የአየር ፊኛ ወደ ደም ሥር ገብቶ እስከ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ትልቅ ጥልቀት አያስፈልግም። ከሲሊንደር የሳበውን ትንፋሽ ቋጥሮ ከአንድ ሜትር ተኩል የሚወጣ ሰው እንኳ ሊጎዳ ይችላል፤ የመዋኛ ገንዳ ጥልቀት ነው እንግዲህ። የስኩባ የመጀመሪያው ሕግ «ትንፋሽሽን በፍጹም አትቋጥሪ» የሆነው ለዚህ ነው። አስም ያለበት ሰው አደጋው ሳንባው ሳያስፈቅደው የሚቋጥርበት መሆኑ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወደ ሐኪም ሂጂ። ደብረ ብርሃን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ጀምሪ፤ ወደ ሳንባ ስፔሻሊስት ሊልኩሽም ይችላሉ። ስትቀርቢ «ደረቴን ያመኛል» ብለሽ ብቻ አትተይው። «ከተጨመቀ አየር እየተነፈስኩ እስከ 18 ሜትር ልጠልቅ ነው፤ በልጅነቴ አስም ነበረብኝ፤ አሁንም በብርድ ስሮጥ ያፏጫል» ብለሽ በዚሁ ቅደም ተከተል ንገሪ። የምትጠይቂው ምርመራ ስፓይሮሜትሪ ይባላል፤ ቱቦ ውስጥ በኃይል አስተንፍሰው የሳንባሽን አቅም ይለካሉ። አርፈሽ ሳለሽ የሚደረገው ልኬት ብቻውን አይበቃም፤ ካስሮጡሽ በኋላም እንዲደግሙልሽ ጠይቂ፤ ያንቺ ችግር የሚወጣው ያኔ ነውና። ጆሮሽንም በዚያው ያዩልሽ። አስቀድመን ልንነግርሽ የሚገባ ነገር አለ፤ በአለርጂ የሚነሳና በመድኃኒት በደንብ የተያዘ አስም ሲሆን አንዳንዴ ይፈቀዳል፤ ብርድና ሩጫ የሚቀሰቅሱትን ግን የጥልቀት ዋና ሐኪሞች በአብዛኛው ይከለክላሉ። «አይሆንም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ለሱም ያሰብነው አለ።

ዋና አለመቻልሽ ግን የሳምንታት ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው የስኩባ ሠርተፍኬት የሚጠይቀው በፈለግሽው ስልት፣ ያለ ሰዓት ገደብ፣ ሳታርፊ 200 ሜትር መዋኘትና ሳትሰምጪ 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ነው። ፍጥነት የሚጠይቅሽ የለም። በሳምንት ሁለት ቀን ከሠራሽ ጥር እስኪደርስ የቀረሽ ጊዜ ይበቃል። ገንዳ ፈልጊ፤ አሠልጣኝ ያለው ይሁን፤ ካስፈለገም ቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባ ውረጂ። በሬሳ ወንዝ ላይ ከጓደኛ ጋር እለማመዳለሁ እንዳትዪ! ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ታቹ አይታይም፣ ደረትሽም አይወደውም። መጀመሪያ የምትማሪው እጅና እግር ማንቀሳቀስ አይደለም፤ ፊትሽን ነክረሽ በአፍና በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማስተንፈስ ነው። ጀማሪ የሚሰምጠው በአብዛኛው ጭንቅላቱን ቀና ሲያደርግ ነው፤ ራስ ሲነሳ እግር ይወርዳል፣ እግር ሲወርድ ሰው ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ትንፋሹን ይቋጥራል። ፊትሽ ውሃው ላይ ተኝቶ ትንፋሽሽ ከረጋ ግማሹ ትምህርት አልቋል። ከዚያ በጀርባ መንሳፈፍ፣ ከዚያ እግር መምታት፣ መጨረሻ ላይ እጅ። የባሕር ጨው ከገንዳ ውሃ ይልቅ ያነሳሻል፤ ጅቡቲ ስትደርሺ ይህ ትርፍሽ ነው።

ቤት ውስጥ የምትሠሪውም አለ። ስኖርክል (ፊት ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚተነፈስበት ቱቦ) ብቻውን ገዝተሽ ወይም ተውሰሽ፣ ያለ ማስክ (ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍነው የጠላቂ መነጽር) ፊትሽን ሳፋ ውሃ ውስጥ ንከሪና አፍንጫሽ እየረጠበ በአፍሽ ብቻ ተንፍሺ። መጀመሪያ አፍንጫሽ ውሃ ሊስብ ይታገላል፤ ጥቂት ቀን ከሠራሽ ግን ለአምስት ደቂቃ ያህል ያለ ችግር ትቆያለሽ። ኮርሱ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ልምምድ ውሃ የገባበትን ማስክ እዚያው ሥር ሆኖ ማጥራት ነው። ቁልፉ አፍንጫና አፍን መለየት ስለሆነ ሳፋው በነፃ ያስተምርሻል። ጾመ ነቢያት ስለሚገባም ባዶ ሆድሽን ገንዳ አትግቢ። ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካክረሽ ወይ ሰዓቱን ቀይሪ፣ ወይ በልተሽ ግቢ።

ጆሮሽን በተመለከተ አንቺ ከቆላ ልጅ የተሻለ ልምድ አለሽ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም እስከ ሸዋ ሮቢት ስትወርጂ ጆሮሽ ድፍን ይል የለ? ያ 1,800 ሜትር ገደማ የሚሆን ቁልቁለት የሚጨምረው የአየር ግፊት ሁለት ሜትር ውሃ ከሚጨምረው አይበልጥም። አውቶቡሱ ከሰዓት በላይ የሚፈጅበትን ባሕር ውስጥ በጥቂት ሰከንድ ታልፊዋለሽ። ስለዚህ አፍንጫሽን ይዘሽ በቀስታ የምትነፊው ከማመሙ በፊት ነው፤ ከውሃው ላይኛው ገጽ ጀምሮ በየግማሽ ሜትሩ። አንዴ ካመመ በኃይል አትንፊ፤ አንድ ሜትር ወደ ላይ ተመለሺና እንደገና ሞክሪ። ጉንፋን በያዘሽ ቀን አይጠለቅም፤ የታፈነ አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት ውጦ መግባትም አይጠቅምም፤ ታች ሳለሽ ኃይሉ ካለቀ ስትወጪ አየሩ ጆሮሽ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል።

አሁን ወደ ቲኬቱ።

በጥልቀት የተጨመቀ አየር ስትተነፍሺ ናይትሮጅን ወደ ደምሽና ወደ ሰውነትሽ ይሟሟል። ቀስ ብለሽ ከወጣሽ በትንፋሽ እየወጣ ያልቃል፤ ግን ሰዓታት ይፈልጋል። ሳያልቅ የአካባቢሽ ግፊት በድንገት ከቀነሰ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ አምቦ ውሃ፣ ጋዙ ደም ውስጥ አረፋ ይሠራል። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ቆዳ ላይ ዥጉርጉር፣ ከልክ ያለፈ ድካም፣ ማዞር፣ ሲከፋ የእግር መክዳት ያስከትላል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ነው። የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት የሆነው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ ከአንድ ቀላል መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ሰው ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ እንዳይበር ይመክራል። አንቺ ለቀናት ጠልቀሽ፣ ረፋድ ላይ ወጥተሽ፣ በዚያው ማታ ልትበሪ ነው። አስሩም ሰዓት መሙላቱ ያጠራጥራል።

ይህን ብዙ ጠላቂ ያውቀዋል። ሸዋን የማያውቅ አሠልጣኝ የማይነግርሽ ግን ሌላ ነው፦ አንቺ ከአውሮፕላኑ ስትወርጂ ከፍታው አያበቃም። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፤ የአውሮፕላኑን ያህል ማለት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ፣ መሃል ሜዳ ከ3,000 በላይ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ገደማ ነው፤ አውሮፕላን ውስጥ ከነበረው ያነሰ። ያ የ18 ሰዓት ምክር የተሠራው እስከ 2,400 ሜትር ላለው ከፍታ ነው፤ መንዝን አይሸፍንም። የሌላ አገር ተማሪ አውሮፕላኑን ተርፎ ወደ ባሕር ወለል ይወርዳል፤ አንቺ በመኪና ትወጫለሽ፣ ያውም የአየር መፈናፈኛ በሌለበት አውቶቡስ፣ የረባ ሕክምና ሩቅ ወደሆነበት ቦታ። ድካሙን የመንገድ ነው ብለው ያስተኙሻል፤ የጉልበት ሕመሙን የብርድ ነው ይሉሻል።

መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም፤ እንዲያውም ዝክሩንም ጥናቱንም አታጪም። ጥር 17 እኩለ ቀን ላይ መጥለቅ አቁሚ። ከዚያ እስከ ጥር 18 ማታ ያለውን ጊዜ በውሃው ወለል ላይ በስኖርክል ወይም በመረጃ ማጠናቀር አሳልፊ፤ በስኖርክል ወለል ላይ መዋኘት የተጨመቀ አየር ስለሌለው አያሳስብም። ማታ ስትበሪ ከ30 ሰዓት በላይ ይሆንሻል። አዲስ አበባ የአክስትሽ ልጅ ጋ እደሪ። ጥር 19ንም እዚያው ዋዪ፤ ጥር 20 ጠዋት ወደ መንዝ ተሳፈሪ። መሃል ሜዳ ስትደርሺ ከመጨረሻው መጥለቅ ሦስት ቀን ገደማ አልፎሻል፤ ለዋዜማው እንጀራ መጋገርም ትደርሻለሽ። የሚቀርብሽ ሁለት ወይም ሦስት መጥለቅ ነው። ለሠርተፍኬቱ የሚያስፈልጉት አራቱ የባሕር ላይ ልምምዶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚያልቁ እሱ አይነካም። ይህን ለአስተባባሪውና ለአሠልጣኙ አስቀድመሽ ንገሪ፤ «ቤቴ 3,000 ሜትር ላይ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሳትረሺ። እግረ መንገድሽን በአቅራቢያው ያለው የግፊት ማከሚያ ክፍል (እንዲህ የተጎዳ ጠላቂ የሚታከምበት) የት እንደሆነና ጀልባው ላይ የኦክስጅን ሲሊንደር መኖሩን ጠይቂያቸው፤ ደንበኛ ማሠልጠኛ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም። ወደ ቤት ከተመለስሽ በኋላ ከላይ ከጠቀስናቸው ምልክቶች አንዱ ከታየብሽ ሐኪም ቤት «ከባሕር ጠልቄ ነው የመጣሁት» ብለሽ ጀምሪ፤ ኦክስጅን ወዲያው እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ጸበሉ ይደርሳል፤ ኦክስጅኑ ይቅደም።

ወደ ቅጹ እንመለስ። አስተባባሪው ዘንድ በአካል ሂጂ፤ በስልክ ወይም በጓደኛ በኩል አይሁን። ባዶ እጅሽንም አትሂጂ፤ የሐኪም ቀጠሮሽንና የዋና ምዝገባሽን ይዘሽ ሂጂ። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ቅጹን ስሞላ ሁለት ነገር በትክክል አልሞላሁም። ዋና አልችልም ነበር፣ መማር ጀምሬያለሁ። በልጅነቴ አስም ነበረብኝ፣ ለምርመራ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሐኪሙ ከከለከለኝ በውሃው ወለል ላይ የሚሠራውን ሥራ እንድይዝ እጠይቃለሁ።» ምክንያት አታብዢ፣ አታልቅሺም፤ ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገር ካለ እሳቸው ይጠይቁሻል። ቦታውን አታጪም ብለን ቃል አንገባልሽም፤ ልታጪው ትችያለሽ። ግን ነገሩን ከሌላው ወገን እዪው። ጅቡቲ ስትደርሱ ማሠልጠኛው የራሱን የጤና መጠይቅ ያስሞላሻል፤ የመጀመሪያው ቀን የዋና ፈተናም አለ። ዋና አለመቻልሽ እዚያው በ12 ሰው ፊት ይታወቃል፤ ተጠባባቂውም ያኔ አይደርስም። አሁን ከተናገርሽ ለአስተባባሪው ጊዜ ትሰጪዋለሽ፤ ጊዜ ያገኘ ሰው ደግሞ መላ ይፈልጋል።

ሐኪሙ «አትጠልቂም» ካለስ? ይሄኔ ነው መግቢያችን ላይ የጠየቅንሽ የሚመጣው። የምትፈልጊው ኮራሉን ማጥናት ከሆነ አብዛኛው ደጅ ላይ ነው ያለው። ኮራል እንስሳ ነው፤ በሥጋው ውስጥ ግን ጥቃቅን አልጌዎችን ያኖራል፤ አብዛኛውን ምግቡን የሚሠሩለት እነሱ ናቸው። አልጌው ብርሃን ስለሚፈልግ የሪፉ ሀብታም ክፍል የሚገኘው ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት፣ ሪፍ ቼክ የሚባለው የሪፍ ቆጠራ ዘዴ አንዱን መስመር የሚዘረጋው ከ2 እስከ 6 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ነው፤ ውሃው ጥርት ካለ የዚህን ብዙውን ከላይ ሆኖ በስኖርክል ማየትና ፎቶ ማንሳት ይቻላል። ለስኖርክልም ቢሆን የሐኪሙን ቃል ያዢ፤ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት ካዘዘልሽም ጀልባው ላይ ይሁን።

ዘዴውን ከአሁኑ ብትለማመጂው በቡድኑ ውስጥ የምትፈለጊ ሰው ትሆኛለሽ። 100 ሜትር ሜትር-ገመድ ይዘረጋል። በሱ ላይ 20 ሜትር የሚረዝሙ አራት ክፍሎች ይለካሉ፤ በመካከላቸው 5 ሜትር ይዘለላል። በየግማሽ ሜትሩ ከገመዱ ሥር በቀጥታ ያለው ነገር ይመዘገባል፦ ጠንካራ ኮራል፣ ለስላሳ ኮራል፣ በቅርቡ የሞተ ኮራል፣ አልጌ፣ ስፖንጅ፣ ዓለት፣ ስብርባሪ፣ አሸዋ፣ ደለል። በአንድ ክፍል 40 ነጥብ፣ በአራቱ 160። እዚህ ጀማሪ የሚያበላሸው አንድ ነገር ነው፤ ዓይኑ ወደሚያምረው ኮራል እየሸሸ ከነጥቡ ሥር ያለውን አሸዋ ይተወዋል፤ ሪፉም በወረቀት ላይ ከእውነቱ ይልቅ ጤነኛ ይሆናል። ይህን ለመልመድ ባሕር አያስፈልግም። ለዕረፍት ስትሄጂ መንዝ ጓሳ በሚባለው ስፍራ ጫፍ ላይ ገመድ ዘርግተሽ የጓሳ ሣሩን፣ ጅብራውን፣ ባዶ መሬቱንና ድንጋዩን በየግማሽ ሜትሩ ቁጠሪ። ሁለት ሰው አንዱን መስመር ለየብቻ ቆጥሮ ውጤቱን ማስተያየት ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። ስፍራው ጥበቃ ያለበት ስለሆነ ጠባቂዎቹን አስፈቅጂ፤ ሣሩንም አትንቀዪ።

ከተፈቀደልሽና ከጠለቅሽ ኮራሉን የሚጎዳው በአብዛኛው የጀማሪ እግር መቅዘፊያ ነው። ክብደት የበዛበት ጠላቂ እግሩ ወደ ታች ይወርድና የሚቀዝፈው ሪፉን ይሆናል። ቅርንጫፍ ያለው ኮራል በዓመት እስከ 10 ሴንቲሜትር ሊያድግ ይችላል፤ ድቡልቡሉ ግን በዓመት ከአንድ ሁለት ሴንቲሜትር አይዘልም፤ የራስ ቅል የሚያህለውን ሰብሮ «ይቅርታ» ማለት ከንቱ ነው። አሠልጣኙን ክብደትሽን በደንብ እንዲያስተካክልልሽ ጠይቂ፤ የመጀመሪያ ቀን ልምምድሽንም አሸዋ ላይ አድርጊ። ምንም አትንኪ፤ ድንጋይ የሚመስለው መርዛም የድንጋይ ዓሣ ሊሆን ይችላል። ከወጋሽ ቁስሉን በምትችዪው ሙቅ ውሃ፣ ከ45 ዲግሪ ባልበለጠ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከርና ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

እናትሽ ቀሩ። ወደ እርሳቸው የምትሄጂው ከሐኪሙ መልስ በኋላ ይሁን፤ «ልጠልቅ ነው» ብለሽ አስለቅሰሽ ኋላ የማይፈቀድልሽ ከሆነ ለምን? ግን ከጉዞው በፊት ይሁን። ከተመለስሽ በኋላ የሚሰሙት ወሬ ወንድማቸውን ደግሞ እንደማጣት ነው የሚሆንባቸው፤ ከዚያ ወዲያ «ለትምህርት ነው» የምትያቸውን ማመን ይከብዳቸዋል። ስትነግሪያቸው ጀማንና ባሕርን እያወዳደርሽ አትከራከሪ። ጎርፍ ሌላ፣ ጸጥ ያለ ሰላጤ ሌላ መሆኑ እውነት ነው፤ ፍርሃታቸው ግን ከዚያ ስሌት የመጣ አይደለም። መጀመሪያ ስለ ወንድማቸው እንዲያወሩ ፍቀጂላቸው። «እማዬ፣ የዚያን ቀን ምን ሆኖ ነበር?» ብለሽ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ብዙ ቤት ውስጥ የሞተው ሰው ስም ይጠራል እንጂ ነገሩ አይጠየቅም። ከዚያ የምታደርጊውን ባጭሩ ንገሪያቸው፦ ብቻሽን እንደማትገቢ፣ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ከአሠልጣኝ ጋር እንደምትሆኑ፣ ሐኪም እንዳየሽ፣ ዋና እንደተማርሽ። እርሳቸውን ደስ የሚያሰኘውን መጨረሻ ላይ አድርጊው፤ ጥር 20 ቤት እንደምትገቢ። «አይሆንም» ካሉ በዚያው ቀን አትሟገቺ፤ እርሳቸው የሚሰሟቸው ሰው፣ ምናልባት የንስሐ አባታቸው ወይም ታላቅ ወንድምሽ ካለ፣ ከሳምንት በኋላ ያነጋግራቸው። አንቺ አዋቂ ነሽና ውሳኔው ያንቺ ነው፤ ምርቃታቸውን ይዘሽ ብትሄጂ ግን ታች ስትደርሺ ትንፋሽሽ የረጋ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ለአየር ፍጆታም ይጠቅማል።

ያልጠየቅሽንን ጥቂት ነገር እንጨምር። ከደጋ ወደ ጅቡቲ ስለምትወርጂ የወባ መከላከያ ያስፈልግሻል፤ ሐኪሙ ሲያዝልሽ እንደምትጠልቂ ንገሪው። ሜፍሎኩዊን የሚባለው ማዞርና መረበሽ ስለሚያመጣ ለጠላቂ አይመከርም፤ ሌላ አማራጭ አለ። የወር አበባ ከመጥለቅ አያግድም። የሰውነት ቅርጽ መታየት ካሳፈረሽ የውሃ ልብሱ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል፤ ከሥሩ ረጅም ጠባብ ሱሪና እጅጌ ያለው ቲሸርት ልበሺ፤ ለፀሐዩም ከቅባት ይሻላል። ጸጉርሽን ከመሄድሽ በፊት ሹሩባ ወደ ኋላ ተሠሪ። ማስክ የሚያፈስሰው ብዙ ጊዜ ግንባር ላይ ጎማው ሥር በገባች አንዲት ዘለላ ጸጉር ነው፤ ሰውም ማስኩ ተበላሽቷል ብሎ ማሰሪያውን ያጠብቃል፤ ሲጠብቅ ጎማው ይጣመምና ይብስበታል።

ለአክስትሽ ልጅ ግን ዛሬውኑ ደውዪለት። የበረራው ቀን ይቆይ፤ ጥር 18 ማታ ይሁን። ማረጋገጥ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በረራው ወደ ጠዋት ቢዛወር እንዲያሳውቅሽ። ያኔ ጥር 17 ቀን ጭራሽ አትጠልቂም፤ የመጨረሻሽ የ16ቱ ይሆናል።